«አበበ» ሲባል ያበበው ማን ነው?

መምህር ዘደብረ ብርሃን፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በዚህ ሳምንት አዲሱን የስም መጥሪያ መዝገብ ስሞላ ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ወደ እናንተ ይዤው መጣሁ።

መዝገቡ ሦስት ዓምድ አለው፤ የተማሪ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። የመጀመሪያው ዓምድ ናትናኤል፣ ሶልያና፣ ዮናታን፣ ኤልዳና፣ ክርስቲያን፣ ማርያማዊት እያለ ይወርዳል። በሁለተኛው ዳንኤል፣ ቴዎድሮስ፣ ሰሎሞንና ግርማ ይበዛሉ፤ በመካከላቸው አንድ አበበ አለ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ግን አበበ፣ ከበደ፣ በቀለ፣ አበበ፣ ተሰማ፣ አበበ ይላል። ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ ስቆጥር ስድስት አበበ አገኘሁ። ከሃምሳ አንዱ ልጆች ግን አበበ ተብሎ የሚጠራ አንድም የለም። ስሙ በሁለት ትውልድ ውስጥ ከመጀመሪያው ዓምድ ተገፍቶ የመዝገቡ ጠርዝ ላይ ደርሷል።

በማግሥቱ ሁላችንም ንባብ የጀመርንበትን «አበበ በሶ በላ» ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከፊት ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ አበበ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ። «አበባ አወጣ ማለት ነው» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ማን ነው አበባ ያወጣው?» አለ። የምመልስለት ሳላገኝ ደወል ተደወለ።

የማውቀውን ያህል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለዚህ ልጅ ባዶ እጄን መመለስ አልፈልግም። ስሙ ከየት እንደመጣ፣ እነማን እንደተጠሩበት የምታውቁ አግዙኝ። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፉልኝ፤ የፈረንጅ ከሆነ እ.ኤ.አ. በሉበት።


ሥርወ ቃል፦

መምህር፣ ልጁ የጠየቀዎት ትልቅ ጥያቄ ነው። «አበበ» ለሩቅ ወንድ የሚነገር ኃላፊ ግስ ነው። በአማርኛ አድራጊው ከግሱ ጋር ተጠቅልሎ ስለሚነገር አንድ ቃል ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። አባቶቻችን በዚህ ዓይነት የአንድ ቃል ዓረፍተ ነገር ልጆቻቸውን ሲሰይሙ ኖረዋል፤ ከበደ፣ ታደሰ፣ ደረሰ፣ ተሰማ፣ አበራ፣ በቀለ። ለሴቷ ሲሆን አበበች፣ ከበደች፣ በቀለች ይሆናል። ስሙ አንድ ነገር እንደተፈጸመ ይናገራል፤ ማን እንደፈጸመው ግን አይናገርም። ልጁ የያዘው ይህንን ክፍተት ነው።

ስለ አነባበቡም ልጨምር። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «አበባ» እና «አበበ» በጽሑፍ ላይ በመጨረሻው ፊደል ብቻ የሚለያዩ ይመስላሉ። በአፍ ግን አበባ ስንል መካከለኛውን «በ» እናላላለን፤ አበበ ስንል እናጠብቃለን። ሁለቱን አከታትለው ቢያሰሟቸው ሕፃናቱ በጆሯቸው ይይዙታል።

ግዕዙ ማበብን «ጸገየ»፣ አበባን «ጽጌ» ይለዋል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚቆየው ዘመነ ጽጌ፣ እንዲሁም ጽጌ ማርያምና ጽጌረዳ የሚሉት ስሞች ከዚያ የወጡ ናቸው። በዚህም የተነሣ ጽጌ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አበበ በቤትና በመስክ ቀረ። የክርስትና ስም ሆኖ አያውቅም። በጥምቀቱ ገብረ ማርያም ወይም ወልደ ሚካኤል የተባለውን ልጅ እናቱ ከደጅ ስትጠራው የምትለው ስም ነው። ቅዱስም ሆነ ነቢይ አልወረሰውም፤ ከመሬት የበቀለ ስም ነው።


እንቁጣጣሽ፦

ያበበው አገሩ ነው። በመስከረም አደይ አበባ ሲፈነዳ የተወለደ ልጅ አበበ ይባላል፤ እኔ የማውቀው ይህንን ነው። እቴጌ ጣይቱም ከተማቸውን በ1879 «አዲስ አበባ» ያሉት በዚያው ዓይን ስላዩት ነው።


የሩጫ ወዳጅ፦

ወንድሜ እንቁጣጣሽ፣ ሐሳብህ ያማረ ነው፤ ግን የስሙ ትልቁ ባለቤት እንኳን በመስከረም አልተወለደም። አበበ ቢቂላ ከመምህሩ ከተማ ብዙ በማይርቀው ጃቶ በተባለ መንደር የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 እንደሆነ ተመዝግቧል። ክረምቱ የጠነከረበት፣ ጭቃው እግር የሚይዝበት ጊዜ ነው። ያ ቀን በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን የተሮጠበትም ነበር።

ነገር ግን አንተን ደስ የሚያሰኝ ሌላ ቀን አለ። የሮሙ ማራቶን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ተሮጠ ተብሎ ሲነገር ሁላችንም እንሰማለን። ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ይሆናል። የአዲስ ዓመት ዋዜማ! ይህንን መጀመሪያ ያሰላሁ ቀን ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ በክፍሉ ውስጥ ተመላለስኩ።

እስቲ አስቡት። ሩጫው የቀኑን ሙቀት ለመሸሽ ወደ ማታ ተጀመረ። በጥንቱ የአፒያ መንገድ ላይ ሲጨልም የጣሊያን ወታደሮች በመንገዱ ዳርና ዳር ችቦ ይዘው ቆመው ያበሩ ነበር። በዚያው ምሽት በአገራችን ልጆች ችቦ አቀጣጥለው «ኢዮሃ አበባዬ» ይላሉ። አንድ አበበ የሚባል የክብር ዘበኛ ወታደር በሮም ችቦ መካከል በባዶ እግሩ ይሮጣል፤ አገር ቤት በችቦ ብርሃን አበባ ይዘፈናል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ከአክሱም ሐውልት ፊት አለፈ፤ ሐውልቱ በ1929 ከአገራችን ተወስዶ ሮም ላይ የቆመ ነበር፤ እስከ 1997ም አልተመለሰም። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ተነጥሎ የወጣው እዚያ አካባቢ ነው። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር፤ ራዲ በ25 ሰከንድ ተከተለው። የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ።

በቶኪዮ ጥቅምት 11 ቀን 1957 የሆነውን ደግሞ ብዙ ሰው በግማሹ ነው የሚያስታውሰው። ከሩጫው ስድስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ከዚያም ሁለተኛው ሯጭ ገና ሳይደርስ ሣሩ ላይ ሆኖ እግሩን እያፍታታ ስፖርት ሠራ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም።

በ1961 ሜክሲኮ ላይ እግሩን አሞት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ይዞት መጣ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ቮልስዋገን መኪናው ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እግሩ እምቢ ሲለው ቀስት አነሣ፤ እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966፣ በ41 ዓመቱ ነው። መቃብሩ አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ነው። እኔ ከመግቢያው እስከ ሐውልቱ ያለውን መንገድ ጫማዬን አውልቄ ነው የሄድኩት።


አበበ ከፍራንክፈርት፦

ስሜ በዚህ ሁሉ ሰው ሲነሣ ማየቴ አስደሰተኝ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ጀርመን ከመጣሁ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ስለ ስማችን ስደት ጥቂት ልበል።

ዓለም አበበ ቢቂላን «ቢቂላ» ይለዋል። በስፖርት መዝገብ፣ በጫማ ስም፣ በሐተታ ሁሉ ቢቂላ ነው። አባቱን እየጠሩ እሱን ያወድሳሉ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሁለተኛው ስም የአባት እንደሆነ ለማስረዳት በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ። ጃፓኖች ግን «አበበ» ነው የሚሉት። አንዲት አረጋዊት ጃፓናዊት ታካሚ ደረቴ ላይ ያለውን ስም አንብባ «አበበ! አበበ!» ብላ ሁለት እጇን አጨበጨበች፤ በቶኪዮ መንገድ ዳር ቆማ እንዳየችው በአስተርጓሚ ነገረችኝ። የዚያን ቀን ሥራዬን እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም።

ልጄ ግን በትምህርት ቤት «አበበ» የምትባለው በቤተሰብ ስምነት ነው። ባለፈው ዓመት አማርኛ ሳስተምራት ግሱ ገባትና «እኔ እኮ አበበች ነኝ፤ ለምን አበበ ይሉኛል?» አለችኝ። መምህር፣ እርስዎ መዝገብ ላይ ከሦስተኛው ዓምድ ሊወጣ የደረሰው ስም እዚህ በሰነድ ላይ ተቸንክሮ ለልጅ ልጆቼም ሊተርፍ ነው፤ ግስነቱ ግን ሞቶ። የትኛው እንደሚሻል እኔም አላውቅም።


የቦቆጂ ልጅ፦

ወንድማችን አበበ፣ «ቢቂላ»ን ሲጠሩ አባቱን ነው የሚጠሩት ያልከው እውነት ነው። ቢሆንም ቢቂላ የሚለውን ስም ትርጉም እዚህ ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣ። በአፋን ኦሮሞ «ቢቂሉ» መብቀል ነው። ቢቂላ ማለት በአማርኛ በቀለ እንደማለት ነው፤ ድምፁም ትርጉሙም ይገናኛል። እንግዲህ አበበ ቢቂላ ሲባል አባት በአንድ ቋንቋ በቀለ፣ ልጅ በሌላው ቋንቋ አበበ። ሁለት ቋንቋ በአንድ ቤት ውስጥ ተባብሮ የሠራው ስም ነው። ቀነኒሳ በቀለም በአባቱ በኩል ያንኑ ስም ይዟል።

ሌላም አለ። ማበብን እኛ «ደራሩ» እንለዋለን። ደራርቱ ማለት የምታብብ ማለት ነው። ደራርቱ ቱሉና አበበ ቢቂላ አንድ ስም ናቸው! እሷ በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ ለጥቁር አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1992 ነበር። የሩጫ ወዳጅ፣ አንተ ቀን መቁጠር ስለምትወድ ቁጠረው።


የሩጫ ወዳጅ፦

ነሐሴ 1 ቀን 1984። አበበ የተወለደበት ቀን፤ በሕይወት ቢኖር 60 ዓመት የሚሞላው ዕለት። ስንት ዓመት ስለ ሩጫ ስጽፍ ይህን አላየሁትም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የቦቆጂ ልጅ።


የድሮ መዝገብ፦

ስለ ሯጩ አበበ ይህን ያህል ከተባለ ስለ አርበኛው አበበም ይነገር። ራስ አበበ አረጋይ የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዋ ፖሊስ ሹም ነበሩ። ከተማዋ ስትያዝ እጃቸውን አልሰጡም፤ ወደ ሰሜን ሸዋ ወጥተው አምስቱን ዓመት ሙሉ በአርበኝነት ቆዩ። ከነጻነት በኋላ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በመጨረሻም የሚኒስትሮቹን ምክር ቤት ይመሩ ነበር።

ያረፉት በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከሌሎች መኳንንትና ሹማምንት ጋር ታግተው ቆይተው ሙከራው ሲከሽፍ ተረሸኑ። ሙከራውን ያደረገው ክብር ዘበኛ ነበር። የሮሙ አበበ የሚያገለግልበት ያው ጦር ማለት ነው። በጳጉሜን አንዱን አበበ ለዓለም ያሳየው ክፍል ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ሌላውን አበበ ገደለ። ሁለቱም የሰሜን ሸዋን አፈር የረገጡ ሰዎች ናቸው። በዚያ ዓመት ለተወለደ ልጅ አበበ የሚል ስም ያወጡ ቤተሰቦች የትኛውን እያሰቡ ይሆን? የእኔ አባት ለታላቅ ወንድሜ ሲያወጡለት ራስ አበበን እያሰቡ ነበር። እናቴ ግን ሯጩን ነው ትላለች። ወንድሜ ሁለቱንም እንደያዘ አድጓል።


ስም ያልያዘ እንግዳ፦

አበበ መኮንን እንዳይረሳ። ሚያዝያ 9 ቀን 1981 ቦስተን ላይ የታንዛኒያውን ጁማ ኢካንጋን ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ገባ፤ ቦስተንን ያሸነፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ከሴቶች ደግሞ አበባ አረጋዊ አለች፤ ለስዊድን ሮጣ እ.ኤ.አ. በ2013 ሞስኮ ላይ የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ስሟን ከራስ አበበ አረጋይ ስም አጠገብ ጽፋችሁ እዩት።


የወረኢሉዋ፦

ልጆቼ፣ የሁላችሁንም አነበብኩ። የታወቁትን ዘረዘራችሁ፤ እኔ ደግሞ ከቤቴ ያልታወቀውን ልንገራችሁ። ያበበው ቤቱ ነው።

ባለቤቴ አበበ ይባላል። ከእሱ በፊት እናቱ ሁለት ልጆች ቀብራለች። ሦስተኛውን ስታረግዝ ማንም ስለ እርግዝናዋ አያነሣም ነበር፤ እንዳይነኩባት ነው። ምጡ የመጣው ሌሊት ነው። ሴቶቹ እሳቱን ከብበው ገንፎውን ሳይጀምሩ ተቀምጠዋል፤ አገንፉ ብሎ የሚደፍር የለም። ልጁ ሲያለቅስ ሰባት ጊዜ እልል አሉ። አያቱ መድረኩ ላይ ቆመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ «እንግዲህ ቤታችን አበበ» አሉ። ያን ማታ ሌላ ስም የሚያወጣ አልነበረም፤ በዚያው ጸና። አማቴ ይህን ነገር ስትነግረኝ ከሽሮ ምጣዱ ዐይኗን አታነሣም ነበር።

ልጅ ሞቶባቸው ለተወለደው ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚሉ አሉ። እነዚህ የሞተውን ያስታውሳሉ። አማቴ እንዲህ ያለ ስም አልፈለገችም። አበበ ወደፊት ብቻ ያያል።


የሐይፋዋ፦

እናቴ፣ ቃልዎ አስለቀሰኝ። እኔም የምጠይቀው አለኝ፤ ሥርወ ቃል የሚሉት ወንድማችን ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

አባቴ ጎንደር ሳሉ አበበ ነበሩ። በ1977 በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ስንገባ እኔ በእናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ስማችንን የሚመዘግበው ሰው አባቴን ሁለት ጊዜ አስደግሞ ጠየቃቸው፤ ከዚያ «አቪቭ» ብሎ ጻፈ። በአስተርጓሚው በኩል «ያው ነው፤ ጸደይ ማለት ነው፤ የአንተው ስም ነው» አላቸው። አባቴ ለአርባ ዓመት ያህል በወረቀት አቪቭ ሆነው ኖሩ። እናቴ ግን አንድ ቀን እንኳን በዚያ ስም ጠርታቸው አታውቅም። አሁን 81 ዓመታቸው ነው። እውነት አቪቭና አበበ አንድ ቃል ናቸው?


ሥርወ ቃል፦

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። የማስበውን በቅንነት እነግርሻለሁ።

የዕብራይስጡ አቪቭ በኦሪት ውስጥ ገና ለምለም የሆነ የገብስ እሸት ማለት ነው፤ የጸደይ ወቅት ስምነቱ ከዚያ መጣ። የሚጀምረውም በአሌፍ ነው። የእኛን አበባ ግን ትግርኛው «ዕምባባ» ይለዋል፤ በዐይኑ «ዐ» ማለት ነው። አማርኛ የአልፋውን «አ» እና የዐይኑን «ዐ» በድምፅ መለየት ስለተወ በጽሑፋችን ላይ ልዩነቱ ጠፋ እንጂ ትግርኛ ጠብቆ አቆይቶታል። ቀዳሚ ፊደላቸው ከተለያየ በድምፅ የሚቀራረቡ ናቸው እንጂ ከአንድ ሥር የወጡ አይመስሉኝም። ትርጉማቸውም ቢሆን እሸትና አበባ ነው።

ስለዚህ የአባትሽ ስም አልተተረጎመም። ሌላ ስም ነው የተሰጣቸው።


የሐይፋዋ፦

ልቤ ያውቀው ነበር። ለአባቴ ዛሬ ማታ ሄጄ አነብላቸዋለሁ።


አዲስ አበቤዋ፦

ለሴቶቹ አበበች የሚለው ስም እንዲሁ እንዳያልፍ። ወይዘሮ አበበች ጎበና ከሰሜን ሸዋ የወጡ ናቸው፤ አባታቸውን ጣሊያን በወረረን ጊዜ ያጡ። በ1972 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በወሎ ረሃብ ነበር። ከሞተች እናቷ ጡት የተጣበቀች ሕፃን አገኙ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጠበል ብቻ ነው። ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በዓመቱ 21 ሆኑ። ቤተሰብና ዘመድ «ከእኛና ከልጆቹ ምረጪ» ሲላቸው ልጆቹን መረጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 በኮሮና ሲያርፉ እናቴ ብሎ ያለቀሰላቸውን ሰው ቁጥር የሚያውቅ የለም።

የወረኢሉዋ እናት ያበበው ቤቱ ነው ብለዋል። የእኚህ ሴት ቤት እንዴት እንዳበበ ያየሁት በዓይኔ ነው፤ ሰፈራችን ነበሩ። ጠዋት ጠዋት የልጆቹ ልብስ በግቢው አጥር ላይ ተሰጥቶ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ሆኖ ይታይ ነበር።


መምህር ዘደብረ ብርሃን፦

ወገኖቼ፣ ለሁላችሁም ምስጋናዬ የበዛ ነው። ሳምንቱ ሥራ ስለነበረበት ዘገየሁ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

የጻፋችሁትን አትሜ ወደ ክፍል ወሰድኩት። የሮሙን ምሽት ሳነብላቸው ትንፋሻቸው አይሰማም። «ጃቶ የት ነው?» ሲሉኝ በመስኮቱ አቅጣጫውን አሳየኋቸው፤ ሁሉም ተነሥተው አዩ። ከዚያ አያታቸው አበበ የሆኑትን ስድስቱን ልጆች «ዛሬ ማታ አያታችሁን ጠይቁ፤ ያበበው ማን ነበር በሏቸው» አልኳቸው።

የሁለቱ ልጆች አያቶች በሕይወት የሉም። ሁለቱ «አላውቅም አለኝ» ብለው መጡ። አንዱ «አያቴ በሯጩ ስም ነው» አለ፤ በኩራት ነው የተናገረው። ስድስተኛዋ ልጅ መልስ አላመጣችም፤ አያቷን ራሳቸውን አመጣቻቸው።

ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከበሩ ቆሙ። ወንበሬን ባቀርብላቸው እምቢ ብለው ከልጆቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ከጠረጴዛው በላይ ሆነ። እንዲህ አሉ፦ «እኔ የተወለድኩ ዓመት ፊት፣ አገሩን ውርጭ መትቶት ነበር። ባቄላው በአበባው ቀረ፤ ሰው ዘሩን በላ። በተከታዩ ክረምት አባቴ ተበድሮ ዘራ። እናቴ እኔን በያዘችኝ በዘጠነኛው ወር ሌሊት ሌሊት እየወጣች ሰማዩን ታይ ነበር፤ ደመና ከሌለ ውርጭ ይወርዳልና። አንድ ጠዋት ምጥ ይዟት ሳለ ሽታው ከደጅ ገባ። የባቄላ አበባ ሽታ ታውቃላችሁ?»

ሃምሳ አንዱም «አዎ!» አሉ። የደብረ ብርሃን ልጅ ይህን ሽታ የማያውቅ የለም።

«አባቴ እየሮጠ መጣ» አሉ። «ከደጅ ሆኖ አበበ፣ አበበ እያለ ይጮሃል። እሱ ያለው ስለ ማሳው ነው። ውስጥ የነበሩት ሴቶች ግን ለልጁ ስም ያወጣ መሰላቸው።»

ያ ከፊት ወንበር የሚቀመጠው ልጅ ሌላ አልጠየቀም። ሽማግሌው እጄን ጨብጠው ከወጡ በኋላ ደብተር ሳርም ከ«አበበ በሶ በላ» በታች፣ ማንም ሳያዘው፣ በእርሳስ የጻፈውን አየሁ።

ባቄላው አበበ።